ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ከባሕር ማዶ የተመለሰው መጽሐፍ

ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሐፍ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ጽፌ እንዳቀርብ በተነገረኝ ጊዜ ብዙ ስሞች በሐሳቤ ተመላለሱ። በመጨረሻ ግን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን መረጥሁ። ስለ ጦርነታቸው ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ከመምህራኖቻችንም ብዙ ሰምተናል። እኔ በይበልጥ ለማመልከት የምፈልገው ግን በንግሥናቸው መጀመሪያ ዓመት ስለ አንድ መጽሐፍ ያደረጉትን ነገር ነው።

ይህን ሐሳብ ያሳደረብኝ በዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ዘንድ የተለመደ አንድ መልካም ሥራ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊዎች አንድ ርእስ ይመርጡና ስለዚያ ርእስ የተጻፉትን መጻሕፍት ከየመደርደሪያው አውጥተው በመግቢያው አጠገብ በጠረጴዛ ላይ ይደረድሯቸዋል። ውድ የሆኑትን የብራና መጻሕፍት ደግሞ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ገልጠው ያኖራሉ፤ በአጠገባቸውም መጽሐፉ ምን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ተጻፈና ከየት እንደ መጣ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ያስቀምጣሉ። በዚህ ዓይነት ለማንበብ ሳያስብ የገባው ተማሪ ቆሞ ይመለከታል፤ ከተመለከተም በኋላ ብዙ ጊዜ ማንበብ ይጀምራል።

ዛሬ የመቐለ ስም ሲነሣ ሰው የሚያስበው ስለ መሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. ስለ ተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክና ስለ ዩኒቨርሲቲዋ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከተማይቱን የመንግሥት መቀመጫ ያደረጓት ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። ስለዚህ በመቐለ በሚገኝ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ዐፄ ዮሐንስ አንድ ጠረጴዛ ቢዘጋጅ በመካከሉ ሊቀመጥ የሚገባው መጽሐፍ የትኛው ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የሚከተለው ታሪካቸው ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ዐፄ ዮሐንስ በ1829 ዓ.ም. ገደማ በተምቤን ማይ ባሃ በተባለ ቦታ ተወለዱ። ስማቸው ካሳ ነበረ። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ ወልደ ኪዳን፣ እናታቸው የእንደርታዋ ወይዘሮ ሥላስ ድምፁ ነበሩ። በአባታቸው በኩል የትውልድ ሐረጋቸው እስከ ራስ ሚካኤል ስሑል ይደርሳል። በወጣትነታቸው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ ነበሩ ካሳም በእርሳቸው ሥር ሹመት ተቀብለው አገለገሉ። ዳሩ ግን የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት በመጨረሻው ዘመን እየደከመ፣ ሕዝቡም እየተከፋ በሄደ ጊዜ ካሳ ከብዙዎቹ መሳፍንት ጋር ሸፈቱ፤ ጥቂት ቆይተውም ደጃዝማች ካሳ ተብለው የትግራይ ገዥ ሆኑ።

ዐፄ ቴዎድሮስም መጻሕፍት የሚወዱ ንጉሥ እንደ ነበሩ ማወቅ ይገባል። በመቅደላ አምባ በመድኃኔ ዓለም ስም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት፣ ለእርሱም የሚሆን የመጻሕፍት ቤት ለማቋቋም አስበው ከጎንደር አድባራት ብዙ የብራና መጻሕፍት ወስደው በአምባው ላይ አከማችተው ነበር። አሰባሰባቸው በግድ ስለ ነበረ የጎንደርን ካህናት አሳዝኗል። ሆኖም በዚያን ጊዜ በአገራችን ይህን የሚያህል የመጻሕፍት ክምችት በአንድ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነበረ።

የእንግሊዝ መንግሥት የታሠሩበትን ሰዎች ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር በላከ ጊዜ ጦሩ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ መቅደላ የሚሄድበት መንገድ በትግራይ በኩል ነበረ። ደጃዝማች ካሳ በ1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጋር ተገናኝተው ጦሩ በሰላም እንዲያልፍና ስንቅ እንዲገዛ ፈቀዱ። እንግሊዞቹም ሥራቸውን ፈጽመው ሲመለሱ መድፎች፣ በመቶ የሚቆጠሩ ጠመንጃዎችና ባሩድ ሰጧቸው። ይህ የጦር መሣሪያ በኋላ ለመንገሣቸው ትልቅ እርዳታ ሆነላቸው። ስለዚህ ነገር ደጃዝማች ካሳን የሚነቅፏቸው አሉ፤ የሚከላከሉላቸውም አሉ። እኔ ግን ታሪኩ የተደረገውን ሳይሸሽግ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። ከዚያ በኋላ ወታደሮቹ አምባውን ዘረፉ። መስቀሉ፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦቱና መጻሕፍቱ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ወረዱ፤ በዚያም ለሁለት ቀን ጨረታ ተደረገ። ከጦሩ ጋር ከሎንዶኑ የብሪትሽ ሙዚየም የተላከ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ስለ ነበረ ለሙዚየሙ የሚሆነውን እየመረጠ ገዛ።

የመጻሕፍቱ ጉዞ ለእኛ ለመቐለ ልጆች በጣም ቅርብ ነው። ከመቅደላ የተነሡት መጻሕፍት ከመቐለ በስተ ደቡብ ብዙ የማትርቀው ጨለቆት እስክትደርስ ድረስ መጡ። በዚያ 600 ያህሉ ለጨለቆት ካህናት ተሰጡ። የቀሩት 350 ያህል መጻሕፍት ግን ልዩ ልዩ ዓይነት እንዲሆኑ በጥንቃቄ ተመርጠው ወደ ጠረፍ ተጓዙ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። ደጃዝማች ካሳ መንገዱን የከፈቱለት ጦር የአገሪቱን መጻሕፍት ተሸክሞ በግዛታቸው አልፎ ወጣ ማለት ነው።

ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው ነበር። በ1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ አሰም በተባለ ስፍራ ከደጃዝማች ካሳ ጋር ተዋጉ። የካሳ ሠራዊት በቁጥር እጅግ ያነሰ ሲሆን መሣሪያውና ሥልጠናው ስለ በለጠ ድል አደረገ። በጥር ወር 1864 ዓ.ም. ካሳ በአክሱም ጽዮን በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ። በአክሱም ሥርዓት መንገሥ ለብዙ ዘመን ተቋርጦ የቆየ ነገር ስለ ነበረ በዓሉ በመላው አገር ተወራ።

አንድ አዲስ ንጉሥ የሚያስጨንቀው ብዙ ነገር አለ። በሰሜን ግብጾች ድንበር ይገፉ ነበር፤ በደቡብ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ገና አልገበሩም ነበር፤ በጎጃምና በቤጌምድርም መሳፍንቱ ልባቸውን አልሰጡም ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በዚህ ሁሉ መካከል ሳሉ በነሐሴ ወር 1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ግራንቪል ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው ከመቅደላ ከተወሰደው ሀብት ሁሉ ሁለት ነገሮችን ለይተው ጠየቁ። አንደኛው ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሥዕል ነበረ፤ ይህን ሥዕል የጎንደር ነገሥታት በዘመቻ ይዘውት ይሄዱ ነበር። ሁለተኛው ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ ነበረ።

ክብረ ነገሥት የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን፣ የልጃቸውን የቀዳማዊ ምኒልክንና የጽላተ ሙሴን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የሚተርክ መጽሐፍ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ግእዝ እንደ መለሰው በመጽሐፉ መጨረሻ ተመልክቷል። ንጉሡ የፈለጉት ግን ታሪኩን ብቻ አልነበረም። የአገሪቱ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የየአውራጃው ስም በመጽሐፉ ውስጥ ተጽፎ እንደሚገኝ፣ ይህ መጽሐፍ ከሌለም ሕዝባቸው ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል ለሎርድ ግራንቪል ገለጡለት። ስለዚህ መጽሐፉ በማን እጅ እንዳለ ተፈልጎ እንዲላክላቸው ለመኑ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። ንጉሡ መድፍ ነበራቸው፤ ጠመንጃም ነበራቸው፤ ዘውድም ደፍተው ነበር። ነገር ግን በጠመንጃ ያገኙትን መንግሥት በጠመንጃ ብቻ ለማጽናት እንደማይቻል አወቁ። ሰው በፈቃዱ የሚታዘዘው ሕጉና ልማዱ የተጻፈበትን ነገር ሲያይ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ያ መጽሐፍ በአገራቸው መንገድ ሲያልፍ አላስቆሙትም፤ ዋጋውን ባወቁ ጊዜ ግን ከባሕር ማዶ ድረስ ልከው ከመጠየቅ አላፈሩም።

የብሪትሽ ሙዚየም ጉዳዩን ሲመረምር ከመቅደላ የመጡ ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች እንዳሉት አገኘ። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር 1865 ዓ.ም. አንደኛውን አስቀርቶ ሌላውን ለኢትዮጵያ ንጉሥ ለመመለስ ወሰነ፤ መመለሱም በመጽሐፉ ላይ ተጻፈ። በዚያ ዘመን ከአንድ ታላቅ የአውሮፓ ሙዚየም አንድ ዕቃ ለባለቤቱ ተመለሰ ማለት እጅግ ያልተለመደ ነገር ነበረ። ስለ ሥዕሉ ግን ዱካው እንዳልተገኘ፣ ወደ እንግሊዝ አገርም የመጣ እንደማይመስላቸው ተመለሰላቸው። እውነቱ ሲታወቅ ሥዕሉን ያ ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ኖሯል። እርሱ ከሞተ በኋላ ተሸጦ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም።

መጽሐፉን ካገኙ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ብዙ የዕረፍት ጊዜ አላገኙም። የግብጹ ገዥ እስማኤል ፓሻ በውጭ አገር መኮንኖች የሚመራ ጦር ላከባቸው። በኅዳር ወር 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ ከጥቂት ወራት በኋላም በጉራዕ ጦሩን ድል አድርገው ብዙ መሣሪያ ማረኩ። በ1870 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ገቡላቸውና ያለ ትልቅ ደም መፋሰስ ሰላም ሆነ። ዐፄ ዮሐንስ ሌሎቹን ነገሥታት አጥፍተው ብቻቸውን ለመግዛት አልፈለጉም፤ ምኒልክን በሸዋ፣ ቆይተውም ተክለ ሃይማኖትን በጎጃም ንጉሥ አሰኝተው እርሳቸው የበላይ ሆነው ገዙ። የቤተ መንግሥታቸውም የጽሕፈት ቋንቋ አማርኛ ነበረ።

ጥፋታቸውም መነገር አለበት። በዚያው በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ የሃይማኖት ክርክር ከተቈረጠ በኋላ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ብዙዎች ተገደዱ፤ ብዙዎችም ተሰደዱ ወይም ሞቱ። የአገርን አንድነት በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት ማሰባቸው በሕዝቡ መካከል ረዥም ቂም አስቀረ። ሕግና መጽሐፍ ሰውን በፈቃዱ እንደሚያሳድር ያወቁ ንጉሥ በዚህ ነገር ግን ኃይልን መረጡ።

የግል ኑሯቸው እንደ መናኝ ነበረ ይባላል። ባለቤታቸው በሞት ከተለዩአቸው በኋላ ሌላ ሚስት አላገቡም፤ በጾምና በጸሎት ይተጉ ነበር። በኢየሩሳሌም ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ያስጀመሩ እርሳቸው ናቸው፤ ሥራው የተፈጸመው ግን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ዐፄ ዮሐንስ በመቐለ ቤተ መንግሥት አሠሩ። የሥራው መሪ ጃኮሞ ናሬቲ የተባለ ጣሊያናዊ ባለ እጅ ሲሆን ድንጋዩን የጠረቡትና እንጨቱን ያቀረቡት ያገሩ ሰዎች ነበሩ። ግንቡ እንደ ቆመ አለ፤ በኋላ ዘመንም ቤተ መዘክር ሆኖ የንጉሡ ዙፋንና ሌላውም ቅርስ ለሕዝብ ታይቶበታል። መቐለ ከመንደርነት ወደ ከተማነት ያደገችው በዚህ ቤተ መንግሥት ዙሪያ ነው።

የመጨረሻው ዘመናቸው መከራ የበዛበት ነበረ። በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በዓድዋ ውል ተዋዋሉ፤ ከግብጽ ጋር የነበረውንም ጠብ በዚሁ አስወገዱ። ነገር ግን በ1877 ዓ.ም. ጣሊያኖች ምጽዋን ያዙ። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. የንጉሡ ጦር አዛዥ ራስ አሉላ በዶጋሊ ድል አደረጓቸው። በዓመቱ ደግሞ ድርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ ከሰው ሕይወት ጋር ስንት መጽሐፍ በዚያ እሳት እንደ ጠፋ ቈጥሮ የሚጨርሰው የለም። በዚያው በ1880 ዓ.ም. ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ በሕመም ሞቱ። ንጉሡ ኀዘናቸውን ይዘው ወደ መተማ ዘመቱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደረግ ራሳቸው በግንባር ሲዋጉ በጥይት ቈሰሉ፤ በማግስቱም አረፉ። ከአገራችን ነገሥታት በጦር ሜዳ በባዕድ ጦር ፊት የወደቁ የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት እርሳቸው ናቸው።

መጽሐፉ ግን ከጌታው በኋላ ኖረ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሂዩግ ለሩ የተባለ የፈረንሳይ አገር ሰው ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ክብረ ነገሥትን ለማየት በጠየቀ ጊዜ የቀረበለት ይኸው ከእንግሊዝ አገር የተመለሰው መጽሐፍ ነበረ፤ በሙዚየሙ የተጻፈውን የመመለሻ ቃልም በላዩ አነበበ። ከዚህም የተነሣ የመጽሐፉ ታሪክ በፈረንሳይኛ ተተርጒሞ በውጭ አገር ታወቀ።

ያልተመለሱት መጻሕፍትስ ወዴት ናቸው? የሚበዙት በሎንዶን በብሪትሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሌሎቹ በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍትና በሌላም ስፍራ ተቀምጠዋል። መቅደላ ከተያዘች 150 ዓመት በሞላበት በ2010 ዓ.ም. የብሪትሽ ቤተ መጻሕፍት ስለ ኢትዮጵያ ጸሐፍት ሥራ ልዩ ትርኢት አዘጋጅቶ የብራና መጻሕፍታችንን በመስታወት ውስጥ አሳየ። በዚያው ዓመት ቪክቶሪያና አልበርት የተባለው ሙዚየም ከመቅደላ የመጡ ዕቃዎችን ለይቶ ለሕዝብ አቀረበ። ያን ጊዜ ቅርሶቹ ይመለሱ የሚለው ክርክር እንደገና ተነሣ።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንማራለን። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ መጽሐፍ በንጽሕና ይጠበቃል፤ ብዙ ሰውም ያየዋል። ነገር ግን በአጠገቡ ያለው አጭር ጽሑፍ ከየት እንደ መጣና በምን መንገድ እንደ መጣ ካልተናገረ ተመልካቹ ግማሹን ብቻ አይቶ ይሄዳል። ባለቤቱም ካልጠየቀ ማንም አይመልስለትም። ዐፄ ዮሐንስ ሁለት ነገር ጠይቀው አንዱን አገኙ። ባይጠይቁ ኖሮ ሁለቱም እንደ ቀሩ ይቀሩ ነበር።

እንግዲህ በመግቢያው ላነሣሁት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ በጠረጴዛው መካከል የሚቀመጠው ክብረ ነገሥት ይሁን። በቀኙ የንጉሡ ደብዳቤ ታሪክ ይጻፍ። በግራው ግን ባዶ ቦታ ይተው፤ በዚያም የኵርዓተ ርእሱ ስም ብቻ ይጻፍበት። እንዲህ ቢደረግ የተመለሰውን እያየን ያልተመለሰውን አንረሳም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ ይህ ጉዳይ የጥንት ሰዎች ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በትግራይ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ትምህርት ቤቶች ተጐድተዋል፤ የብራና መጻሕፍትም ተዘርፈው ወጥተዋል። የጠፋውን ለመጠየቅ በመጀመሪያ ምን እንደ ነበረን ማወቅ ያስፈልጋል። ዐፄ ዮሐንስ መጽሐፉን በስሙ ጠርተው ሊጠይቁ የቻሉት ስሙንና በውስጡ ያለውን ስላወቁ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን በሰፈራችን ደብርና መስጊድ፣ በአያቶቻችንም ቤት ያሉትን የቆዩ መጻሕፍት ከባለቤቶቹ ፈቃድ ጠይቀን ስማቸውን በደብተራችን እንመዝግብ። ትምህርት ቤታችንም በየዓመቱ በበዓሉ ቀን በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ አንድ ጠረጴዛ አዘጋጅቶ ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ነገር የተጻፉትን መጻሕፍት ቢደረድር ለወላጆቻችንም ለእኛም ታላቅ ጥቅም ይሆናል። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጥቂት መጻሕፍትና በመልካም እጅ የተጻፈ አጭር ማስታወቂያ ይበቃል።

ዐፄ ዮሐንስ ዕድሜያቸውን በጦር ሜዳ ጨርሰዋል። በጉንደትና በጉራዕ ያገኙት ድል ስማቸውን አስከብሯል። ነገር ግን ያለ አንድ ጥይት፣ በአንድ ደብዳቤ ብቻ፣ ከባሕር ማዶ ያስመለሱት መጽሐፍ ከድሎቻቸው ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀርበው ነው። ጠመንጃ ባንይዝም ብዕር ይዘናልና።